መካንነትና ህክምናው፤ ባልና ሚስት አብረው የሚጀምሩት ጉዞ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ቱሉ ዲምቱ ስያሜዋን ያገኘችው ከአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ትርጉሙም ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገልግሎት የበቃው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻም ይኸው አካባቢ ነው። ቀደም ሲል ሰፊ የእርሻ ማሳ የነበረው ይህ ስፍራ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በየረድፉ የቆሙበት፣ በርካታ ወጣት ባለትዳሮችም ኑሮን "ሀ" ብለው የጀመሩበት ሰፈር ሆኗል።

በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች ቡና ሲጠራሩ፣ በእድርና በእቁብ ሲገናኙ ከሚነሱት ወጎች አንዱ ልጅ ነው። "መቼ ነው የገንፎው?" የሚለው ጥያቄ በፍቅር የሚቀርብ ቢሆንም፣ ለዓመታት ልጅ ለማግኘት ሲጥሩ ለቆዩ ባልና ሚስት ግን እንደ እሾህ የሚወጋ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ለሚስት ነው። በአማቶች ቤት በጥርጣሬ የምትታየው፣ "መካን" የሚለው ቃል የሚለጠፍባት፣ ብቻዋን ከሐኪም ሐኪም የምትንከራተተውም እሷ ናት።

በዘርፉ የሰለጠነ ሐኪም ግን ጉዳዩን የሚመለከተው ከዚህ በተለየ መንገድ ነው። በእሱ ዓይን መካንነት የአንድ ሰው ጉድለት ሳይሆን የሁለት ሰዎች የጋራ የጤና ችግር ነው። ምርመራው ከሁለቱም መጀመር ይኖርበታል፤ በጊዜም መጀመር አለበት። ይህ መጣጥፍ የመካንነትን ምንነት፣ መንስኤውን፣ የምርመራና የህክምናውን ሂደት እንዲሁም በአገራችን ያለበትን ደረጃ በአጭሩ ይዳስሳል።

ብዙ ልጅ በሚወለድበት አገር የተሸፈነ ችግር

ኢትዮጵያ ከፍተኛ የወሊድ መጠን ካላቸው አገሮች ተርታ የምትመደብ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ህዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በህይወት ዘመኗ በአማካይ 4 ነጥብ 6 ልጆች ትወልዳለች። በአዲስ አበባ ግን አሃዙ 1 ነጥብ 8 ብቻ ነው። የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ትኩረቱ ለረጅም ጊዜ በቤተሰብ ምጣኔና በእናቶች ሞት ቅነሳ ላይ የቆየውም ከዚህ አኳያ ነው። ይሁንና ብዙ ልጅ በሚወለድበት አገር ውስጥ መውለድ ያልቻሉ ሰዎች ችግር በአማካይ አሃዝ ተሸፍኖ መቆየቱ አልቀረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መካንነት ማለት ባልና ሚስት ምንም ዓይነት የእርግዝና መከላከያ ሳይጠቀሙ ለ12 ወራትና ከዚያ በላይ መደበኛ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲያደርጉ ቆይተው እርግዝና አለመፈጠሩ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ፣ ማለትም 17 ነጥብ 5 በመቶ ያህሉ፣ በህይወት ዘመኑ ችግሩ እንደሚያጋጥመው አስታውቋል። በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል የጎላ ልዩነት አለመኖሩም በሪፖርቱ ተመልክቷል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ህክምናውን በማግኘቱ በኩል ነው።

መካንነት በሁለት ይከፈላል። ከዚህ ቀደም አርግዛ የማታውቅ ሴት የሚያጋጥማት የመጀመሪያ ደረጃ መካንነት ይባላል። ቀድሞ እርግዝና ከነበረ በኋላ የሚከሰተው ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ይሰኛል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ልጅ መውለድ ወይም አንድ ጊዜ ማርገዝ ለወደፊቱ ዋስትና አለመሆኑን ነው። "እኔ ከሌላ ወልጃለሁ፤ ችግሩ የእሷ ነው" የሚለው የአንዳንድ ወንዶች አባባልም በህክምና ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው

የመካንነት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሴቷን ዕድሜና ባልና ሚስቱ የሞከሩበትን ጊዜ ነው። ከ35 ዓመት በታች የሆነች ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ካላረገዘች ምርመራ መጀመር ይኖርባታል። ዕድሜዋ 35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ከስድስት ወር በላይ መጠበቅ አይመከርም። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ምርመራው ሳይዘገይ ወዲያውኑ መጀመር አለበት። የወር አበባዋ የተዛባ ወይም የቀረ፣ በማህፀኗ አካባቢ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ህክምና የነበረባት ሴትም የተባለውን ጊዜ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

ይህ ጥንቃቄ የሚደረግበት ምክንያት ግልፅ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎችን ይዛ ትወለዳለች፤ ከዚያ በኋላ አዲስ እንቁላል አይጨመርላትም። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የቀሩት ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ይሆናሉ። ቁጥራቸውና ጥራታቸው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ35 ዓመት በኋላም ቅነሳው ይፋጠናል። ስለዚህ "ነገ ይሆናል" እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት ለሐኪሙ የህክምና አማራጮችን የሚያጠብብ ነው። ገንዘብ ተበድሮም ቢሆን ይገኛል፣ ያለፈ ዕድሜ ግን አይመለስም።

የወንዱ ምርመራ፤ ቀላሉና የሚዘገየው

በዓለም አቀፍ ደረጃ ባለሙያዎች እንደሚገልፁት ግማሽ ያህሉን በሚጠጋ የመካንነት ችግር ውስጥ ወንዱ በብቸኝነት ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ድርሻ አለው። ሆኖም በርካታ ሴቶች ወደ ማህፀን ሐኪም ለዓመታት ሲመላለሱ ባሎቻቸው አንድም ጊዜ ሳይመረመሩ ይቀራሉ። በአንዳንድ ወንዶች ዘንድ ዘር አለመኖር ከወንድነት ማነስ ጋር ስለሚያያዝ ምርመራው እንደ ውርደት ይቆጠራል። በህክምናው ዘንድ ግን ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ በግንኙነት ረገድ ምንም ችግር የሌለበት ወንድ በዘር ፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ህዋስ ላይኖር ይችላል።

የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ጋር ሲነፃፀር ቀላል፣ ህመም የሌለውና በዋጋውም አነስተኛ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽ ናሙና በመስጠት የሚካሄድ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሰረት የፈሳሹ መጠን ቢያንስ 1 ነጥብ 4 ሚሊ ሊትር፣ የዘር ህዋሱ ብዛት በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ የሚንቀሳቀሰው ድርሻም 42 በመቶ ቢሆን በዝቅተኛው የመነሻ ልክ ላይ ያርፋል። ከዚህ በታች የሆነ ውጤት ግን "ልጅ አይወለድም" የሚል ፍርድ አይደለም። የዘር ህዋስ ተመርቶ ለመውጣት ከሁለት ወር በላይ ስለሚወስድ፣ ሐኪሙ ውጤቱ ዝቅ ያለን ሰው ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ እንዲደገም ሊያዝ ይችላል።

የዘር ፍሬ አካባቢ የደም ስሮች ማበጥ፣ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ የጆሮ ደግፍ፣ በልጅነት ወደ ቦታው ያልወረደ የዘር ፍሬ፣ የሆርሞን መዛባት፣ ሲጋራና ከመጠን ያለፈ የአልኮል መጠጥ ከመንስኤዎቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ጡንቻ ለማዳበር ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስትሮን መርፌም፣ ከሚታሰበው በተቃራኒ፣ የዘር ህዋስ ምርትን የሚያቆም መሆኑን ወጣቶች ሊያውቁት ይገባል።

የሴቷ ምርመራና ዋና ዋና መንስኤዎች

በሴቷ በኩል ሐኪሙ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልሳል። እንቁላሉ በየወሩ ይወጣል ወይ? ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው ወይ? ማህፀኑ ፅንስ ለመቀበል ዝግጁ ነው ወይ?

የመጀመሪያው ጥያቄ የወር አበባን ሁኔታ በመጠየቅ፣ በደም የሆርሞን ምርመራና በአልትራሳውንድ ይመለሳል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባለው የሆርሞን መዛባት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛት እንቁላል በወቅቱ እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት ቀናት በማህፀን በር በኩል ቀለም ተጨምሮ በሚነሳ ራጅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በአልትራሳውንድና አስፈላጊ ሲሆን ወደ ማህፀን ውስጥ በሚገባ ካሜራ ይታያል፤ ማዮማ የሚባለው የማህፀን ዕጢና በማህፀን ውስጥ የሚፈጠር ጠባሳ በዚህ ይለያሉ።

ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ጎልቶ የሚታየው የሴቶች መካንነት መንስኤ የቱቦዎች መዘጋት ነው። ቱቦዎቹ የሚዘጉት በአብዛኛው በኢንፌክሽን ሳቢያ ነው። በወቅቱ ያልታከሙ ክላሚዲያና ጨብጥ፣ ንፅህናው ባልተጠበቀ ሁኔታ የሚካሄድ ፅንስ ማቋረጥ፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽን እንዲሁም የማህፀን ቲቢ በቱቦዎቹ ውስጥ ጠባሳ ትተው ያልፋሉ። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ጉዳት ማድረሱ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል።

ከዚህ የምንገነዘበው አንድ አቢይ ቁም ነገር አለ። ከመካንነት የተወሰነው ክፍል ሊከሰት ባልተገባው ነበር። የአባላዘር በሽታን ከነጓደኛ በወቅቱ መታከም፣ በጤና ተቋም መውለድና ደህንነቱ የተጠበቀ አገልግሎት ማግኘት የነገ ልጅን መጠበቅ ነው። በዚህ ረገድ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ተራ የሚመስል አገልግሎት ውድ ከሆነው የቤተ ሙከራ ህክምና የማይተናነስ ዋጋ አለው።

በህብረተሰቡ ዘንድ በስፋት የሚነገር አንድ የተሳሳተ አመለካከትም መታረም ይኖርበታል። ይኸውም የእርግዝና መከላከያ መካን ያደርጋል የሚለው ነው። የ2016ቱ ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችን ካገቡ ሴቶች 23 በመቶ ያህሉ የሚጠቀሙት መርፌ፣ በተለምዶ ዲፖ የሚባለው፣ ካቆሙት በኋላ እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል። መዘግየት ግን መካንነት አይደለም። እንክብል፣ በክንድ ስር የሚቀበረውና በማህፀን የሚቀመጠው መከላከያ ሲቋረጡ ደግሞ የማርገዝ ችሎታ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ልጅ ያጡ ሁሉ በቤተ ሙከራ የሚከናወነው ህክምና ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። እንቁላል በወቅቱ ለማይወጣላት ሴት ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፌን የተባሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች ለአምስት ቀናት ተሰጥተው፣ ውጤቱ በአልትራሳውንድ እየታየ እርግዝና የሚፈጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንቅርት ዕጢ ወይም የፕሮላክቲን ችግር በክኒን ይስተካከላል። ማዮማና በማህፀን ውስጥ ያለ ጠባሳ በቀዶ ህክምና ሊወገድ ይችላል።

የዘር ህዋሱ በመጠኑ ያነሰ እንደሆነና ቱቦዎቹ ክፍት ከሆኑ ደግሞ የባል ዘር በላቦራቶሪ ታጥቦና ተጣርቶ እንቁላሉ በሚወጣበት ዕለት በቀጭን ቱቦ በማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ካልሰሩ፣ ወይም ሁለቱም ቱቦዎች የተዘጉ፣ የባል ዘር በጣም ያነሰ ወይም የሴቷ ዕድሜ የገፋ ከሆነ ነው በተለምዶ አይቪኤፍ ወደሚባለው ህክምና የሚታለፈው።

ህክምናው እንዴት ተጀመረ?

በአይቪኤፍ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ህፃን ሉዊዝ ብራውን የተወለደችው ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978) በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ነው። ለዚህ ውጤት የበቁት ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ የማህፀን ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና የቤተ ሙከራውን ሥራ ትመራ የነበረችው ነርስ ዣን ፐርዲ ናቸው። የህፃኗ እናት ችግር በአገራችን ብዙ ሴቶችን ከሚያጋጥመው የተለየ አልነበረም፤ የተዘጉ ቱቦዎች ነበሩ። ህክምናው በመሰረቱ የተፈጠረውም እንቁላልና ዘር ሊገናኙበት ያልቻሉትን ቱቦ ለመተካት ነው።

ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ስቴፕቶና ፐርዲ ግን ሽልማቱ በተሰጠበት ጊዜ በህይወት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በቤልጅግ ብራስልስ የሚሰሩ ተመራማሪዎች አንዲት የዘር ህዋስ በረቂቅ መርፌ በቀጥታ ወደ እንቁላል ውስጥ በማስገባት እርግዝና መፍጠራቸውን ይፋ አደረጉ። ኢክሲ የሚባለው ይህ ዘዴ በጣም ጥቂት ዘር ላላቸው ወንዶች የአባትነትን በር የከፈተ ሆኗል። እስከ አሁን በዓለም ላይ በዚህ ህክምና የተወለዱ ልጆች ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል።

የህክምናው ሂደት

በተፈጥሮ በአንድ ወር የሚበስለው በአብዛኛው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። በአይቪኤፍ ግን በርካታ እንቁላሎች በአንድ ጊዜ እንዲበስሉ ሴቷ ከ8 እስከ 14 ለሚሆኑ ቀናት በየዕለቱ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። መርፌው በሆድ ቆዳ ስር የሚሰጥ ሲሆን ራሷ ልትወጋው ትችላለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ የእንቁላሎቹን ዕድገት በየጥቂት ቀናቱ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ እየተከታተለ የመድኃኒቱን መጠን ያስተካክላል።

እንቁላሎቹ ለመብሰል ሲቃረቡ የማብሰያ መርፌ በተወሰነ ሰዓት ይሰጣል። ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ሴቷ በማደንዘዣ እንድትተኛ ተደርጎ በአልትራሳውንድ በሚመራ ቀጭን መርፌ እንቁላሎቹ ይወሰዳሉ። የማብሰያውን መርፌ በታዘዘው ሰዓት ሳይወስዱ መቅረት የሳምንታቱን ድካም ከንቱ ሊያደርገው ስለሚችል ባለሙያዎች ሰዓቱን ደጋግመው ያሳስባሉ። እንቁላል የማውጣቱ ሥራ በራሱ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሴቶች በዕለቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የኢምብሪዮሎጂ ባለሙያው ነው። እንቁላልና ዘር በቤተ ሙከራ ይገናኛሉ፤ የተፈጠረው ፅንስም ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሰውነት ሙቀት ባለው ማቆያ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል። ከዚያም ጥሩ ሆኖ የተገኘው ፅንስ በቀጭን ቱቦ በማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። የተረፉ ጥሩ ፅንሶች ካሉ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለሌላ ጊዜ ሊቀመጡ ይችላሉ። የእርግዝና ምርመራው የሚደረገው ሁለት ሳምንት ያህል ተጠብቆ ነው። ታካሚዎች ከሁሉ የሚከብድ የሚሉትም ይህንኑ ሁለት ሳምንት ነው።

በአገራችን ያለበት ደረጃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ህክምና የሚሹ ኢትዮጵያውያን አቅማቸው ከፈቀደ ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ሌሎች አገሮች ለመጓዝ ይገደዱ ነበር። ለአየር ትኬት፣ ለማረፊያና ለህክምናው የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከፍተኛ ሲሆን፣ አቅሙ ለሌለው ዜጋ ግን ነገሩ ሁሉ የማይታሰብ ነበር።

በመንግስት የህክምና ተቋም ደረጃ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ህክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ህክምና ኮሌጅ ሥራ ጀምሯል። ማዕከሉ የተቋቋመው ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በነበረው ትብብር ነው። በዩኒቨርሲቲው የማህፀንና ፅንስ ህክምና ፕሮፌሰርና የመካንነት ህክምና ስፔሻሊስት የሆኑት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር ሰናይት ፍስሃ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የሥነ ተዋልዶ ጤና ስልጠና ማዕከል ለኮሌጁ ባለሙያዎች ስልጠና ትልቅ ድርሻ ነበረው። ኮሌጁ ከማከም ጎን ለጎን የማህፀን ሐኪሞችን በዚሁ ዘርፍ በከፍተኛ ደረጃ ያሰለጥናል። በግል የህክምና ተቋማትም አገልግሎቱ በአዲስ አበባ በመሰጠት ላይ ነው።

በህግ ረገድ የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያፀደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በህክምና የታገዘ ተዋልዶን የተመለከቱ ድንጋጌዎችን አካቷል። ህክምናውን የሚሹ ባለትዳሮች በህጉ የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን ሐኪማቸውን አስቀድመው ቢጠይቁ ይመረጣል።

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጳውሎስ

ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ናት፤ የጳውሎስ ሆስፒታል ደግሞ የሚገኘው ከከተማዋ መሃል አልፎ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በጠዋቱ የትራንስፖርት ሰልፍና መጨናነቅ ሲታይ አድካሚ ነው። አንድ ዙር ህክምና በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ ምልልስ የሚጠይቅ መሆኑ ሲታሰብ፣ ደመወዝተኛ የሆኑ ባልና ሚስት ፈቃድ የሚጠይቁበትን፣ በግል ሥራ የሚተዳደሩትም ሱቃቸውን የሚዘጉበትን ቀን አስቀድመው ማስላት ይኖርባቸዋል።

ሆኖም ጉዞው ሁሉ ከጳውሎስ መጀመር የለበትም። የመጀመሪያ ምክርና የአባላዘር በሽታ ህክምና በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ይገኛል። የማህፀን ሐኪም ማየት ለሚያስፈልጋቸውም በክፍለ ከተማው አጠቃላይ ሆስፒታል አለ። ይህም አትሌት ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ያስመዘገበችውን ድርብ ድል መታሰቢያ ያደረገው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። የዘር ፈሳሽ፣ የሆርሞንና የአልትራሳውንድ ምርመራዎች በቅርብ ተሰርተው ውጤታቸው በአንድ ፋይል ተይዞ ወደ ማዕከሉ ቢኬድ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። የቀደሙ የራጅ ፊልሞችን፣ የቀዶ ህክምና ማስረጃዎችንና የወር አበባ ቀን መዝገብን ይዞ መቅረብ ሐኪሙ ከዜሮ እንዳይጀምር ይረዳዋል።

የወጪው ጉዳይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በህዳር 2018 ዓ.ም. የመካንነትን መከላከል፣ ምርመራና ህክምና የተመለከተ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ መመሪያ ሲያወጣ፣ በአንዳንድ አገሮች አንድ ዙር የአይቪኤፍ ህክምና የአንድን ቤተሰብ አማካይ ዓመታዊ ገቢ ሁለት እጥፍ ሊያስወጣ እንደሚችል አመልክቷል። አገሮች አገልግሎቱን በብሄራዊ የጤና ስትራቴጂያቸውና በፋይናንስ ሥርዓታቸው እንዲያካትቱም አሳስቧል። በመንግስት ተቋም የተጀመረው ሥራ ከአዲስ አበባ ውጭም እንዲስፋፋ ማድረግ አስፈላጊ የሚሆነው ከዚህ አኳያ ነው። ለቱሉ ዲምቱ ነዋሪ የራቀው መንገድ በገጠር ለሚኖሩ ባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚርቅ መገመት አያዳግትም።

ስለ ውጤቱና ስለ ጉዳቱ እውነቱን ማወቅ

አይቪኤፍ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም። ልምድ ባላቸው የዓለም ማዕከላት እንኳ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች በሆኑ ሴቶች በራሳቸው እንቁላል በአንድ ጊዜ ከሚደረግ የፅንስ ማስቀመጥ ልጅ የሚወለደው ከሦስቱ ለአንዷ ገደማ ነው። ዕድሜ ከ42 ካለፈ ደግሞ ከአስሩ አንድም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ "መቶ በመቶ" የሚል ቃል የሚሰጥ ማንኛውም ተቋም ወይም ግለሰብ ሊጠረጠር ይገባል። ባልና ሚስትም የመጀመሪያው ዙር ባይሳካ ምን እንደሚያደርጉ ቀደም ብለው ቢመካከሩ ይበጃል።

ህክምናው የራሱ ጉዳቶችም አሉት። እንቁልጢ ከመጠን በላይ ሲነቃቃ ሆድ ሊነፋ፣ ፈሳሽ ሊቋጠርና ትንፋሽ ሊያጥር ስለሚችል እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከአንድ በላይ ፅንስ ማስቀመጥ መንታና ከዚያ በላይ እርግዝናን ያስከትላል። ለዓመታት ልጅ ለናፈቁ ወላጆች መንታ እጥፍ ደስታ ቢመስልም ለእናቲቱ የደም ግፊትን፣ ለህፃናቱም ያለ ጊዜ መወለድን ስለሚያባብስ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ አንድ ፅንስ ብቻ ማስቀመጥ ይመረጣል። ውርጃና ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝናም ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

ብዙዎች ከህክምናው ጎን ለጎን ወደ ፀበልና ወደ ፀሎት ይሄዳሉ። እምነት ሰውን የሚያፅናና ነው፤ ከህክምናም ጋር አይጋጭም። መጠንቀቅ የሚያሻው የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠልና ሥር መጠጣት፣ በዚህም ውድ የሆነውን ጊዜ ማሳለፍ ላይ ነው። ሐኪም የሚጠይቀው ሁሉም ነገር በግልፅ እንዲነገረው ነው።

ልጅ ማሳደግ በሌላም መንገድ

ሁሉም ተሞክሮ ልጅ ያልተገኘ እንደሆነ የባልና ሚስት ህይወት አበቃለት ማለት አይደለም። ዛሬ በአማርኛና በህጋችን የምንገለገልበት "ጉዲፈቻ" የሚለው ቃል የመጣው ከኦሮሞ ህዝብ ባህል ነው። በዚህ ጥንታዊ ሥርዓት በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከአብራክ ከተወለደ ልጅ እኩል መብት ያለው የቤተሰቡ አባል ይሆናል። ቱሉ ዲምቱን የመሳሰሉ አካባቢዎች ስማቸውን ካገኙበት ህዝብ የተገኘው ይህ እሴት በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ህግም ሥፍራ ተሰጥቶታል። በፍርድ ቤት በኩል የሚፈፀም ህጋዊ መንገድ በመሆኑም ለልጁም ለወላጆቹም ዋስትና አለው።

በአጠቃላይ መካንነት እርግማን ወይም የሴት ጥፋት ሳይሆን መንስኤው ሊታወቅ፣ በብዙ ሁኔታም ሊታከም የሚችል የጤና ችግር ነው። የህክምናው ቴክኖሎጂ ወደ አገር ውስጥ መግባቱ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ቴክኖሎጂው ብቻውን የጠፉ ዓመታትን ሊመልስ አይችልም። ባል ከሚስቱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ወደ ሐኪም ቢገባ ብዙ የብቻ እንባ ይቀራል። ጎረቤትና ዘመድም "መቼ ነው የገንፎው?" ከማለት ይልቅ ዝም ብሎ ቡና ማፍላትን ቢመርጥ፣ ልጅ በመጠበቅ ላይ ላሉ ባለትዳሮች ትልቅ እገዛ ነው።